የበሩ ቀለምና የሃይላንዱ ጠርሙስ

ባለፈው ኅዳር መጀመሪያ ላይ ነው። ልጄን ትምህርት ቤት አድርሼ ቦሌ ወደሚገኘው መሥሪያ ቤቴ ለመድረስ ስጣደፍ፣ ሰሚት ያለው የኮንዶሚኒየማችን መግቢያ በር ዓምድ የመኪናችንን ግራ ጎን ላሰልኝ። ድምፁን የሰማ ያውቀዋል፤ ጥርስ ያፋጫል። ወርጄ ሳይ የግራው የኋላ በር ከእጀታው በታች አንድ ክንድ ያህል ተጭሯል፤ መሐሉ ላይ የጭልፋ ሆድ የሚያህል ስርጉድ አለ፤ የኋላው ፓራውልት ጥግም ቀለሙ ተልጦ ጥቁሩ ፕላስቲክ ወጥቷል። የአራት ዓመቱ ልጄ ከኋላ ወንበር ሆኖ፣ «እማዬ፣ አባዬ ይቆጣል?» አለኝ።

አባዬ ለሥራ ሐዋሳ ነበር። የሚመለሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ሳይመለስ በፊት አስቀባዋለሁ ብዬ ወሰንኩ።

መኪናዋ በ2007 የፈረንጆች ዓመት የተሠራች ብርማ ቪትዝ ናት። ለሌላ አገር ሰው ይህች አሮጌ ትንሽ መኪና ናት። ለእኛ ግን ከቤት ቀጥሎ ትልቁ ንብረታችን ናት። ምክንያቱን ሳታውቁት አትቀሩም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ዕድሜያቸው በገፋ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጣለ። በጥር 2016 ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ መኪና በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አሳወቀ። እንግዲህ ያለችንን ቪትዝ እንደ እናት ወርቅ መያዝ ነው። የሚጠብቃት ሰው ሁሉ ደግሞ ቀለሟን ያያል። የሽያጭ ማስታወቂያዎቹን ታውቋቸዋላችሁ፤ «ኦሪጅናል ቀለም፣ ንክኪ የሌላት፣ በሴት የተያዘች»። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ እንዲህ ያሉ ቃላት ምን ያህል ብር እንደሚጨምሩ ይገባኛል። ያን ዕለት ጠዋት «በሴት የተያዘች» እና «ንክኪ የሌላት» የሚሉት ተጣሉብኝ።

ገርጂ አካባቢ ካሉት ጋራዦች ወደ አንዱ ሄድኩ። የተነገረኝ ዋጋ የወር ደሞዜን ግማሽ የሚያህል ነው። በማግስቱ ወንድሜ ያንኑ በር በስልክ ፎቶ አንሥቶ እዚያው ጋራዥ ይዞ ቢሄድ ዋጋው በሲሶ ወረደለት። ተናደድኩ። ኢንሹራንሱንም አሰብኩት። ሕግ የሚያስገድደን የሦስተኛ ወገን ዋስትና የሌላውን ሰው ጉዳት እንጂ የራሳችንን በር አይሸፍንም። ሙሉ ዋስትና ቢኖረንም ከጉዳቱ የመጀመሪያውን ያህል የምንከፍለው እኛው ነን፤ ካሳ ከጠየቅን ደግሞ ያለ አደጋ ለቆየንበት ዓመት የሚደረግልን ቅናሽ ይቀራል። ለአንድ በር አያዋጣም። ማታ ልጄን አስተኝቼ ቪዲዮ ማየት ጀመርኩ። ቪዲዮ ላይ ሁሉም ነገር ቀላል ነው። አንድ ፈረንጅ ቲሸርት ለብሶ እየሳቀ በአሥራ ሁለት ደቂቃ ሙሉ በር ቀባ። ከዚህ የሚከብድ ሥራ ቢሮ እሠራ የለም እንዴ አልኩ።

የግቢያችን አንድ ጋሼ ባይኖሩ ኖሮ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በሌላ ስሜት ይሆን ነበር። ምድር ቤት ነው የሚኖሩት። ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል፤ ዕድሜ ልካቸውን የመኪና ቀለም ቀቢ ነበሩ። በልጅነታቸው ረዳት ሆነው የፊያት ሰይቸንቶ ታክሲዎችን አጥበዋል፤ በደርግ ጊዜ ደግሞ ስንቱን ላዳ ሰማያዊና ነጭ አልብሰዋል። «ይቺ ከተማ ላይ ያለው ሰማያዊ ግማሹ ከእጄ የወጣ ነው» ይላሉ፣ ትንሽ አጋንነው። ቅዳሜ ጠዋት ባልዲና የብርጭቆ ወረቀት ይዤ ስወርድ አዩኝ።

«ምን ልትሠሪ ነው ልጄ?»

«በሩን ልቀባ ነው ጋሼ።»

ሳቅ ይላሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም። ወደ በሩ ቀርበው በጥፍራቸው ጭረቱን ዳሰሱት። «ጥፍር ካልያዘው ቀለም አይፈልግም፣ ፖሊሽ ይበቃዋል። ይሄኛው ያላጋጠውን ተዪው፤ ይሄን ግን ጥፍሬ ይዞታል፤ እዚህ ጋ ብረቱ ታይቷል።» ይህችን የጥፍር ፈተና ያዙልኝ፤ ብቻዋን ብዙ ብር ታድናለች። ከፋብሪካ የወጣ መኪና ቀለም ብዙ ሽፋን ነው። ከታች ዝገት መከላከያው፣ ቀጥሎ ፕራይመሩ፣ ከዚያ ቀለሙ፣ በላዩ ደግሞ ባለሙያዎቹ ክሊር የሚሉት አንጸባራቂው ልባስ አለ። ሁሉም ተደምሮ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ማለት ነው። ጭረቱ ክሊሩ ላይ ብቻ ከቀረ በኮምፓውንድ ተፈትጎ ይጠፋል። ከበሬ ጭረት ግማሹ እንዲህ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ጋራዡ ግን በሩን በሙሉ ቆጥሮብኛል።

«ዛሬ ደግሞ አትቀቢም» አሉኝ። ለምን ስላቸው በጣታቸው ወደ ሰማይ አሳዩኝ። በሳምንቱ መሐል ኅዳር 12 ነበር። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሕዝብ ከፈጀ ወዲህ በዚያ ቀን ቆሻሻ ተሰብስቦ ይቃጠላል፤ ኅዳር ሲታጠን የምንለው ነው። ጭሱና አመዱ እርጥብ ቀለም ላይ ካረፈ ሌላ ሥራ ነው። የሰሚትና የአያት ሰዎች ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የግንባታ አቧራ አለብን። ክረምት ላይ አቧራው ቢቀንስ እርጥበቱ ይመጣል፤ እርጥብ አየር ላይ የተረጨ ቀለም ሲደርቅ ወተት የፈሰሰበት መስሎ ይደበዝዛል። «አሁን ታጥቢያለሽ፣ ትፍቂያለሽ። ቀለም የመጨረሻዋ ሰዓት ናት።» እውነታቸውን ነው። እኔ ካጠፋሁት ጊዜ አሥር እጁ መፋቅ ነበር።

አሠራሩን ልንገራችሁ፤ ይህ ክፍል በእርግጥ ቤት ውስጥ የሚሠራ ነው። መጀመሪያ በሩ በሳሙና ታጥቦ ይደርቃል። ከዚያ ቅባቱ ይጠረጋል። ይህ ከመፋቅ በፊት መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ወረቀቱ ሰሙንና ቅባቱን ብረቱ ውስጥ እየገፋ ያስገባዋል። ጎማና ዳሽቦርድ የምናብለጨልጭበት ስፕሬይ ደግሞ ዋናው ጠላት ነው። ውስጡ ሲሊኮን አለው፤ ሲሊኮን የነካው ብረት ላይ ቀለም ሲያርፍ የዓሣ ዓይን የሚመስሉ ቀዳዳዎች እየከፈተ ይሸሻል። የምወደውን የሎሚ ሽታ ያለው ስፕሬይ ያን ቀን ለጎረቤት ሰጠሁት።

ስርጉዱን በስቱኮ ነው የሞላነው። (የመኪና ቋንቋችን ጣሊያን ነው፤ ስቱኮ፣ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ፣ ፍሬቻ፣ ካቻቢቴ። ጋሼ ጣልያንኛ አይችሉም፣ ግን መኪና ሲፈቱ ሮም ያደጉ ይመስላሉ።) ስቱኮ ከማጠንከሪያው ጋር ሲደባለቅ ቶሎ ይደርቃል፤ ማጠንከሪያው ከመቶ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ብቻ ነው። እኔ ቶሎ ይድረቅልኝ ብዬ አበዛሁት። ድንጋይ ሆኖ ከማንኪያው አልላቀቅ አለ። ትርፉ ማጠንከሪያ ከጊዜ በኋላ በላዩ ባለው ቀለም በኩል እድፍ ሆኖ ይወጣልም አሉኝ፤ እንደገና ለወስኩ። ስቱኮ በስሱ ነው የሚቀባው። ወፍራም ስቱኮ ይሰነጠቃል። ማግኔትም አይዝም፤ አሮጌ መኪና የሚገዙ ብልጦች በሩን በማግኔት የሚነካኩት ለዚህ ነው።

ከዚያ ፍቂያው። ስቱኮውን 80 ቁጥር በሚባለው ሻካራ ወረቀት ጀምሮ ወደ 180፣ ወደ 320 ማለስለስ። ወረቀቱ በእጅ ሳይሆን ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ተጠቅልሎ ይያዛል፤ ጣት ከተጫነው ጣቱ ባለበት ቦታ ይጎደጉዳል፣ ቀለም ሲበራበት ደግሞ ማዕበል ይመስላል። ስቱኮ ውኃ ይመጣል፤ ስለዚህ በደረቁ ነው የሚፋቀው። ከላዩ ፕራይመር ካረፈበት በኋላ ግን በውኃ እያረጠቡ በ600 እና በ800 ይለሰልሳል። ጋሼ ዓይኔን ጨፍኜ በመዳፌ እንድዳስሰው አደረጉኝ። ዓይን የማያየውን ጉብታ መዳፍ ያገኘዋል። ይህን ስሠራ ከላይ ፎቅ የምትኖር አንዲት እናት በረንዳዋ ላይ ቆማ፣ «ሠራተኛ ጠፍቶ ነው እንዴ?» አለችኝ። ጋሼ ናቸው የመለሱላት፤ «ሠራተኛዋ እሷው ናት፣ አንቺም ውረጂ።»

እንግዲህ አሁን ልነግራችሁ ወደፈለግሁት ነገር ልምጣ።

በሩን ለማጽጃና ዕቃ ለማጠቢያ የሚሆን ቲነር ገዝቼ ነበር። የሸጠልኝ ልጅ ከትልቅ በርሜል ቀድቶ በውኃ ጠርሙስ ሞልቶ ሰጠኝ። ሃይላንድ እንላለን አይደል፣ ማርካው ምንም ይሁን ምን፣ በዚያው። እናንተም ቤት በረንዳ ላይ እንዲህ ያለ ጠርሙስ አይጠፋም፤ ቲነር ወይም ነጭ ጋዝ፣ ወይም በረኪና የተቀዳበት። ቲነር ደግሞ መልኩ ውኃ ነው። የእኔን የመጠጥ ውኃና የቲነሩን ጠርሙስ ደረጃው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጫቸዋለሁ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ማርካ፣ ሁለቱም ግማሽ።

ስድስት ሰዓት ገደማ ልጄ ከጎረቤት ልጆች ጋር ሲሮጥ ቆይቶ ላቡ እየተንጠፈጠፈ መጣ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ እፍቃለሁ። ለምን እንደዞርኩ አላውቅም። ክዳኑን ከፍቶ ጠርሙሱን በሁለት እጁ አንሥቶ ነበር። ጋሼ በዚያ ዕድሜያቸው እንዴት እንደዘለሉ አላውቅም። ጠርሙሱ ተፈናጥሮ ደረጃው ላይ ተደፋ። ልጄ በድንጋጤ አለቀሰ። አፉን አሸተትኩት፣ ከንፈሩን አሸተትኩት፣ ደግሜ አሸተትኩት። አፉ ጋ አልደረሰም። እጁ ላይ ብቻ ነበር። እጁን በሳሙና ሦስት ጊዜ አጠብኩትና እዚያው ደረጃ ላይ፣ የተደፋው ላይ፣ ተቀመጥኩ። ቀሚሴ እስከ ዛሬ ይሸታል።

ከላይ ያለችው እናት ሩጣ ወርዳ፣ «ወተት ስጪው! አስመልሺው!» አለችኝ። በቅንነት ነው፤ እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የማደርገው። ማታ ነው ትክክለኛውን የተማርኩት። ቲነር፣ ነጭ ጋዝና ቤንዚን የጠጣ ልጅ ላይ ትልቁ አደጋ ያለው ሆዱ ሳይሆን ሳንባው ላይ ነው። ፈሳሾቹ ቀጫጭን ስለሆኑ በትንታና በትውከት በቀላሉ ወደ አየር ቧንቧ ይገባሉ፣ ሳንባን ያቆስላሉ። ማስመለስ ማለት ያንኑ ፈሳሽ ለሁለተኛ ጊዜ በጉሮሮው በር ማሳለፍ ነው። ስለዚህ ጣት አይከተትም፣ በግድ ወተት አይጋትም፤ የነካው ልብስ ይወልቃል፣ ቆዳው ይታጠባል፣ ልጁም ጠርሙሱም ይያዛሉ፣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል። ደህና ቢመስልም ነው የሚሄደው፤ ሳሉና ትንፋሽ ማጠሩ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል።

ጋሼ በዚያን ጊዜ ምንም አላሉኝም። ሄደው ከቤታቸው ክዳኑ ጥብቅ የሆነ የቆርቆሮ ዕቃ አመጡና ከጠርሙሱ የቀረውን ገለበጡበት። በላዩ በቀይ ቀለም የራስ ቅል ሣሉበት፤ ራስ ቅሉ ድመት ይመስላል። ከዚያ በጣታቸው ወደ ሌላው ደረጃ ጠቆሙኝ። አንዲት ጎረቤታችን ከሰል አቀጣጥላ ቡና ልትቆላ ጀበናዋን አቅርባለች። ከእኛ ስድስት ሜትር ቢርቅ ነው። የቲነር ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ሽቅብ አይበተንም፣ መሬት ለመሬት እየተሳበ ሄዶ እሳት ሲያገኝ ይቀጣጠላል፣ እሳቱም ተመልሶ ወደመጣበት ይሮጣል። ለሴትየዋ ተነግሯት ከሰሏን ወደ ማዶ ወሰደች። ቡናውን ሦስቱንም እዚያው ሄደን ጠጣን፤ ልጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ።

እኔ ግን ገና አልበቃኝም ነበር። እልህ ክፉ ነው። ከቡናው በኋላ ጋሼን፣ «የቀለሙን መርጫና ትንሽ ኮምፕረሰር የሚያከራይ ሰው አግኝቻለሁ፤ በሳምንቱ ቀለሙንም ክሊሩንም እዚሁ እረጨዋለሁ» አልኳቸው። ያኔ ነው የተቆጡት።

«ክሊሩን የምትረጪው እነዚህ ሁሉ መስኮቶች ሥር ነው?»

ቀና ብዬ አየሁ። አምስት ፎቅ፣ በየፎቁ የተሰጣ የልጅ ልብስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋራዥ ውስጥ የሚረጨው ክሊር አብዛኛው ከማጠንከሪያ ጋር የሚደባለቅ ባለ ሁለት አካል ነው። የማጠንከሪያው ዋና ንጥረ ነገር አይሶሳይኔት ይባላል። ቀለሙን እንደ ድንጋይ የሚያጠነክረው፣ ቤንዚን ቢፈስበት የማይልጠው እሱ ነው። ሲረጭ ግን ጉም ሆኖ ይወጣና ወደ ሳንባ ይገባል፤ አስም ያስይዛል። በእንግሊዝ በሥራ ምክንያት ለሚመጣ አስም ቀዳሚ ከሆኑት መንስኤዎች አንዱ እሱ ነው፣ ከሚያዙት መካከልም የመኪና ቀለም ቀቢዎች ከፊት ይሰለፋሉ። የሚከፋው አንዴ ሰውነት ከተቆጣ በኋላ ያለው ነው፤ ከዚያ ወዲያ ትንሽ ሽውታ እንኳ ደረትን ያፍናል። ሽታውን ተከትሎ መሸሽም አይቻልም፤ አፍንጫ ሳይለየው ነው የሚጎዳው። ለኮሮና ጊዜ የገዛነው ማስክ ለዚህ ወንፊት ነው። ባለሙያዎቹ አየር እየተመጠጠ በሚወጣበት ዝግ ክፍል ውስጥ፣ በቱቦ ንጹሕ አየር በሚመጣላቸው ጭንብል ነው መሥራት ያለባቸው።

«እኛ በሻሽ ነበር የምናስረው» አሉኝ ጋሼ። «አቧራ መስሎን። ማታ ማታ ስናስል ብርድ ነው እንል ነበር። አሁን አንድ ልጅ ያንን ማጠንከሪያ ከግቢው ማዶ ቢከፍት ደረቴ ይነግረኛል።» ጠዋት ጠዋት ከምድር ቤት የምንሰማው ሳል የማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ከምን እንደመጣ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም።

ኮምፕረሰሩን ለሚያከራየው ሰው ደውዬ ተውኩት አልኩ።

ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ከፈልኩት። በሩን አለስልሼ፣ ፕራይመሩን ከቆርቆሮ ስፕሬይ በሜዳው ላይ፣ ልጆቹ ቤት በገቡበት፣ ንፋስ ሳይነሣ በማለዳ አሳረፍኩ። ቀለሙንና ክሊሩን ግን ኦቨን የሚሉት ዝግ የቀለም ክፍል ያለው ጋራዥ ይቀባው ብዬ ወሰንኩ። የጠየቅሁት የመጀመሪያው ጋራዥ፣ «ሌላ ሰው የፋቀውን አልቀባም» አለኝ። አልፈርድበትም፤ ቢላጥ ስሙ የሚጠፋው የእሱ ነው። መገናኛ አካባቢ ያለ ሌላ ባለሙያ በሩን እንደ ጋሼ በመዳፉ ዳሰሰ፣ ሁለት የመርፌ ቀዳዳ የሚያህሉ ጉድለቶች አገኘብኝ፣ ሞላቸው፣ ተቀበለ። ዋጋው መጀመሪያ ከተጠየቅሁት ግማሽ አልሞላም። ዝግ ክፍሉን ገብቼ ሳላይ አልተስማማሁም፤ እናንተም ግቡና እዩት። የሚረጨው ልጅ ጭንብል ምን እንደሚመስልም እዩ።

ቀለሙን ለማስቀመም ቁጥሩን ማወቅ አለባችሁ። ከጃፓን የመጡ ቶዮታዎች ላይ ኮፈኑን ስትከፍቱ ሞተሩ ጀርባ ካለው ግድግዳ ላይ ትንሽ የብረት ጽላት ተለጥፏል፤ የቀለሙ ቁጥር እዚያ አለ። የእኛ 1ኤፍ7 ነው። ቁጥሩ ግን ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚወስዳችሁ። መኪናዋ ፋብሪካ ከወጣች ወዲህ ዓመታት ፀሐይ ላይ ቆማለች፤ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ከፍ ባለ ከተማ ደግሞ የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር ይበረታል፣ ቀለም ይበላል። ብርማ ቀለም ሌላም ጣጣ አለበት። ውስጡ ጥቃቅን የአሉሚኒየም ቅርፊቶች አሉ፤ ቅርፊቶቹ የሚተኙበት አቅጣጫ ከእጅ እጅ፣ ከርቀት ርቀት ይለያያል፤ ያው ቆርቆሮ ሁለት ሰው ቢረጨው ሁለት ቀለም ነው። ለዚህ ነው ጎበዝ ቀቢ አንድ በር ሲቀባ ቀለሙን ወደ ጎረቤቱ በር ጠርዝ እያሳሳ የሚያስገባው፤ ዓይን ድንበሩን እንዳያገኝ። ነጭ መኪና ያላችሁ ግን እፎይ በሉ።

አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ። ሙሉ ቀለሟን ለመቀየር የምታስቡ ካላችሁ፣ ሊብሬው ላይ የመኪናው ቀለም ተጽፏል። ብርማዋን ቀይ አድርጎ ቦሎ ሊያሳድስ የሄደ ሰው ጉድ ይፈላበታል፤ አስቀድማችሁ ትራንስፖርት ቢሮ ጠይቁ።

ፓራውልቱ ቀረ። እሱን ለራሴ አስቀረሁት። እልሄም አልወጣልኝም ነበር፣ ቦታውም ጥግ ስለሆነ ብዙም አይታይም። የተጠቀምኩት ማጠንከሪያ የሌለው ተራ የስፕሬይ ቀለም ነው፤ ያም ቢሆን ትነት አለውና ሜዳ ላይ ነው የተረጨው። ፓራውልት ፕላስቲክ ነው፣ ቀለም በቀላሉ አይጨብጥም፤ መጀመሪያ የፕላስቲክ ፕራይመር ይፈልጋል። ያለ እሱ የተቀባ ፓራውልት በመጀመሪያው ግፊያ እንደ ሽንኩርት ይላጣል፤ ቀለበት መንገድ ላይ ስንቱን አይተናል። የቀረውን በአሮጌ ጋዜጣና በወረቀት ፕላስተር ሸፈንኩት። ጋሼ ጋዜጣውን አይተው ድርብ አድርጊው አሉኝ፤ አንድ ረድፍ ከሆነ ቀለሙ ሰርስሮ ፊደሉን ፓራውልቱ ላይ ያትመዋል። ከአንድ ስንዝር ትንሽ ራቅ ብሎ፣ እጅን ሳያቆሙ፣ አንዱ መስመር የሌላውን ግማሽ እየሸፈነ ይረጫል። ስሱን፣ አሥር ደቂቃ ታግሶ ሌላ ስሱን። እኔ ሁለተኛው ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። ቀለሙ ወፈረ፣ አንድ ቦታም እንደ እንባ ወረደ። ሲደርቅ በ1500 ወረቀት ፈቅፌ አስተካከልኩት። ማለቴ፣ ከሩቅ።

ባለቤቴ ከሐዋሳ ሲመለስ መኪናዋ ግቢ ቆማለች። ዕቃውን አውርዶ አጠገቧ አለፈ፣ ምንም አላለም። ልቤ ሊዘፍን ሲል ልጄ፣ «አባዬ፣ እማዬ መኪናውን ገጭታ ቀባችው፣ እኔ ደግሞ መርዝ ልጠጣ ነበር» አለው። ሁሉንም ነገርኩት። ስለ በሩ አንድም ቃል አልተናገረም። ወደ በረንዳ ወጥቶ የውኃ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ እየከፈተ ሲያሸት አመሸ። ሁለት አገኘ። አንዱ በረኪና፣ አንዱ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያልታወቀ ቢጫ ነገር።

በማግስቱ ፀሐይዋ አዘቅዘቅ ስትል ጋሼ መጥተው ከመኪናዋ ኋላ ጎንበስ አሉ። ቀለም የሚታየው በጎን ነው። ብዙ ቆዩ።

«በሩ ጎበዝ። ማን እንደነካው አይታወቅም።»

«ፓራውልቱስ ጋሼ?»

«ፓራውልቱ የሌላ መኪና ነው።»

ባለፈው ሳምንት ከሦስተኛ ፎቅ አንድ ጎረቤት መኪናውን አስልሶ መጣና ዕቃዎቼን ሊዋሰኝ ጠየቀኝ። የተረፉትን የብርጭቆ ወረቀቶች፣ እንጨቷንና የፕላስቲክ ፕራይመሩን ሰጠሁት። «ቲነር የለሽም?» አለኝ፣ በእጁ ባዶ ሃይላንድ ይዞ። ቆርቆሮ ይዘህ ና አልኩት።